77 ዓመት የቆየች ወረቀት

ልጆቼ፣ እናንተ የጣርማ በር ደገኞች፣ እናንተም ቁልቁል ያላችሁ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆለኞች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው። አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይሉ የለ? እኔም ስለ ራሳችን ላወራ ፈልጌ በሰው አገር ሴት ልጀምር ነው። ወሬው ስለ አንዲት ሐኪምና ስለ አንዲት ወረቀት ነው። የእነሱን ዘመን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ስለምናገር ግራ እንዳይገባችሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ኢንገቦርግ ራፖፖርት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 የተወለዱት እዚሁ አፍሪካ ምድር፣ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችው በካሜሩን፣ ክሪቢ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባታቸው ነጋዴ፣ እናታቸው ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ወደ ሃምቡርግ ተመለሰና እዚያው አደጉ። እናታቸው በትውልድ አይሁዳዊት ናቸው፤ ልጅቱ ግን ያደጉት በፕሮቴስታንት እምነት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ሂትለርና ሰዎቹ ሥልጣን ሲይዙ «ምን ታምኛለሽ? ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው አልጠየቁም። «እናትሽ ማን ናት? አያትሽስ?» ብለው ነው የጠየቁት። ሰው የሚያምነውን ሊለውጥ፣ የሚሠራውንም ሊያሻሽል ይችላል። አያቱን ግን ከየት አምጥቶ ይለውጣል? ሰውን በትውልዱ የሚከስ ሰው ገና ከመነሻው ለተከሳሹ ማምለጫ አልተወለትም።

ኢንገቦርግ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ፣ በ1937 የመንግሥቱን ፈተና አለፉ፣ በከተማው የአይሁድ ሆስፒታልም ተቀጥረው ማከም ጀመሩ። የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት ዲፍቴሪያ በሚባለው በሽታ ላይ ነበር። የኛ ጤና ባለሙያዎች ዘጊ አናዳ ይሉታል። የልጅ ጉሮሮ ውስጥ አመድማ ቆዳ የመሰለ ነገር ያበቅልና ትንፋሹን ይዘጋል፤ መርዙም ወደ ልብ ይዘልቃል። ዛሬ በየጤና ኬላው እናቶች በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ልጃቸውን አቅፈው ሲሄዱ፣ ጭኑ ላይ የምትወጋው መርፌ ከአምስት በሽታ ትጠብቀዋለች፤ አንዱ ይኸው ዘጊ አናዳ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል፣ ማታ ሰውነቱ ይግላል፤ እናቱም «ምን አስወጋኝ?» ትላለች። በዚያ ዘመን የነበረች እናት ይህን ልቅሶ ብታገኝ እልል ባለች ነበር።

ጽሑፉ በ1938 ለፕሮፌሰሩ ቀረበ። ፕሮፌሰሩ ሩዶልፍ ዴክቪትዝ ይባላል፤ የሃምቡርግ የሕፃናት ክሊኒክ አለቃ፣ ኩፍኝን በሴረም ለመከላከል በሠራው ሥራ የታወቀ ሰው ነው። ጽሑፉን አነበበና ወደደው። ነገር ግን በወጣው ሕግ መሠረት በከፊልም ቢሆን የአይሁድ ደም ያለበት ሰው ማዕረጉን ሊቀበል አይችልም። ታዲያ ዴክቪትዝ ምን አደረገ? ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ጽሑፉ እንደቀረበለት፣ የኢንገቦርግን የትውልድ ሐረግ ምክንያት አድርጎ ሕጉ ባይከለክለው ኖሮ ይቀበለው እንደነበር ጻፈና ፈረመበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወረቀቷ ያን ቀን ምንም አልፈየደችም። ማዕረግ አላሰጠች፣ እንጀራ አላበላች፣ ከስደትም አላዳነች። ሰውየው ራሱም ንጹሕ አልነበረም፤ በ1923 ሂትለር በሙኒክ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር አብሮ ከተነሡት አንዱ ነው። ኋላ ግን ዓይኑ ተገልጦ ሥራቸውን ተቃወመ፤ በ1944 የሂትለር ፍርድ ቤት የሰባት ዓመት እስራት ፈረደበት። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው እውነት ለመመስከር መጀመሪያ ራሱ መልአክ መሆን ያለበት ይመስለዋል። «እኔ ምን አፍ አለኝ፣ እኔም ያኔ ከነሱ ጋር ነበርኩ» ይልና ዝም ይላል። ዝምታውን ትሕትና ይለዋል፤ እኔ ግን ፍርሃት እለዋለሁ። ዴክቪትዝ የቀደመ ኃጢአቱን ይዞ ነው ያቺን ወረቀት የጻፈው፤ ጻፈም።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ጊዜ ሰጥቶት ድንጋይ የሰበረው የጀርመኑ ብቻ አልነበረም። የሱ ወዳጅ ጣሊያን እኛም ላይ ተቀምጦ ነበር። የጣርማ በርን አለት ፈልፍሎ፣ እስከ ዛሬ መኪናው የሚሹለክበትን ዋሻ የከፈተው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። መንገድ ሠራ ብለን እናመስግነው የሚሉ አሉ፤ እነሱን ለጊዜው ልለፋቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግን የተማረ ኢትዮጵያዊ እየተለቀመ ተገደለ። በዚያ ወራት ከተገደሉት መካከል ዮሴፍና ቢንያም የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህንማ አለማንሣት አልችልም፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እዚያው አድገው፣ እዚያው ተምረው ሐኪም ሆኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከአድዋ ድል ወዲህ አገራቸው ሲገቡ ቋንቋው እንኳ ጠፍቶባቸው ነበር፤ አያታቸው በልጅነት ጠባሳቸው ለዩዋቸው ይባላል። ኋላ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሳለ ጣሊያን ገባ፤ ሽማግሌው ዳግመኛ ስደተኛ ሆኑ፣ ልጆቻቸውም አገር ቤት ሳሉ ተገደሉ። ሐኪምነትና ስደት አብረው ሲሄዱ ያየነው በሰው አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ወደ ኢንገቦርግ እንመለስ። በዚያው በ1938 ብቻቸውን፣ እጃቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ ሳይኖር አሜሪካ ገቡ። የሃምቡርግ ትምህርታቸው እዚያ ሐኪም ለመባል አልበቃም፤ እንደገና ተማሪ መሆን ነበረባቸው። ለ48 የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመለከቱ። የተቀበላቸው አንድ ብቻ፣ ፊላደልፊያ የነበረው የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ ነው። እስቲ የኛ ወጣቶች ይህን ቁጥር አስቡት። ሦስት ቦታ አመልክቶ «የለም» ሲባል አገሩን የሚራገም ልጅ አውቃለሁ። አልፈርድበትም፣ የልጅ ልብ ቶሎ ይሰበራል፤ ግን 48 ደጅ የመታች ሴት እንደነበረች ይስማ። በ1940 ተመረቁ።

ሲንሲናቲ ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ ሚትያ ራፖፖርት ከሚባል፣ ከቪየና ከተሰደደ አይሁዳዊ ሐኪም ጋር ተዋወቁና ተጋቡ። ባልየው በጦርነቱ ጊዜ የሰው ደም ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ ከአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ሦስት ሳምንት ያደረሰውን ዘዴ ካበጁት አንዱ ነው፤ ለዚህም ከፕሬዚዳንት ትሩማን የምስጋና ወረቀት አግኝቷል። ቁስለኛ ወታደር አድኖ የተመሰገነው ሰው ብዙ ሳይቆይ «ኮሚኒስት ነህ» ተብሎ ይፈለግ ጀመር። ኮሚኒስትስ ነበር፤ ኢንገቦርግም ነበሩ፣ አልደበቁትም። በ1950 ባልየው ለስብሰባ ዙሪክ ሄዶ ሳለ የምርመራው ወሬ ደረሰው፤ እዚያው ቀረ። ኢንገቦርግ አራተኛውን ልጅ በሆዳቸው ይዘው፣ ሦስቱን በእጃቸው አስከትለው ተነሡ። ሁለተኛው ስደት መሆኑ ነው። ቪየናም የዩኒቨርሲቲ በር አልከፈተላቸውም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት ለነዚህ ሰዎች ይመስላል።

በ1952 ምሥራቅ በርሊን ገቡና አረፉ። ሻሪቴ በሚባለው ታላቅ ሆስፒታል ሕፃናትን ሲያክሙ ኖሩ፤ በተለይ ያለ ቀናቸው የተወለዱትን፣ እጅ መዳፍ ላይ የሚያድሩትን ጨቅላዎች። በ1969 በጀርመን ምድር የመጀመሪያው የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። የሕፃናትን ሞት በመቀነስ ላደረጉት አስተዋጽኦም የዚያ አገር ብሔራዊ ሽልማት ተሰጣቸው። ከአራቱ ልጆቻቸው አንዱ ቶም በአሜሪካ ሃርቫርድ የሕዋስ ሊቅ፣ ሌላው ሚካኤል የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ናቸው።

አሁን ሃምቡርግን እዩልኝ። በክፉ ዓመት ተርቦ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ የፈጀ የይፋት ገበሬ ምን ይሆናል? ያን ሳምንት ይጠግባል፤ ሐምሌ ሲገባ ባዶ ማሳ ላይ ይቆማል። ሃምቡርግ ርቦት እንኳ አልነበረም፤ በትዕቢት ነው ዘሩን የጣለው። በዚያው በ1938 መስከረም መጨረሻ የአይሁድ ሐኪሞች የሕክምና ፈቃድ በመላው ጀርመን ተሠረዘ። ከነሱ ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ያመለጡት የሰው አገር ልጅ አዳኑ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ማለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ዶክተሯ ያስጠጋቻቸውን ምሥራቅ ጀርመንን እስከ መጨረሻው ወደዷት፣ ሲወቅሷትም ተከላከሉላት። እኔ በዚህ አልከተላቸውም። ያቺ አገር የራሷን ሰው በግንብ የዘጋች፣ ለኛም ደርግ ወዳጅ የነበረች ናት፤ ደርግ ደግሞ ስንቱን ልጅ በቀይ ሽብር በልቶብናል። ሆኖም ከዚያችው አገር፣ ከላይፕሲክ፣ መምህራን መጥተው ጎንደር ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ልጆቻችንን አስተምረዋል። ዓለም እንዲህ የተቀላቀለች ናት። ሽማግሌ ሲፈርድ ጥሩውንም ክፉውንም በየሚዛኑ አስቀምጦ ነው እንጂ አንዱን በአንዱ ሸፍኖ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቷ ደረስን። ዘመን አለፈ፣ ባልየው በ2004 አረፈ፣ ዶክተሯ ከመቶ ዓመት አለፉ፣ ዓይናቸውም ደከመ። ልጃቸው ቶም የእናቱን ነገር አነሣና ወሬው ለሃምቡርግ ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ደረሰ። ዲኑም «ይህማ መስተካከል አለበት» ብሎ ተነሣ። ግን ደንብ አለ፤ ጽሑፉ ከሃምቡርግ መዝገብ ጠፍቷል፣ ማዕረግ ያለ ፈተና አይሰጥም። ቀላሉ መንገድ የክብር ዶክትሬት መስጠት ነበር። ካባ አልብሶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ አጨብጭቦ መሸኘት።

ልብ በሉ፣ ልጆቼ፤ የክብር ስጦታ የሚሰጠው ላልተበደለ ሰው ነው። የተበደለ ሰው የሚሻው የተወሰደበትን ነው። ላም የወሰድክበትን ሰው በግ አርደህ ብትጋብዘው በልቶ ይነሣ ይሆናል፤ ላሙ ግን አሁንም አንተ በረት ናት። በኛ ሽምግልናም መጀመሪያ በደሉ በስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ካሣው ይቆረጣል፣ መሳሳሙ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ከመሳሳሙ የሚጀምር እርቅ በዝቷል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለውም ለዚህ ነው። ወዲያው ያሳጣል።

ስለዚህ ፈተናው ይሁን ተባለ። የ102 ዓመት ሴት ለፈተና ተዘጋጁ። ማንበብ ስለማይችሉ ወዳጅ ዘመድ ከኢንተርኔት እየፈለገ፣ ስለ ዲፍቴሪያ በሰባ ዓመት ውስጥ የታወቀውን ሁሉ በስልክ ነገራቸው፤ እሳቸው በቃላቸው ያዙት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2015 ሦስት ፕሮፌሰሮች በርሊን ድረስ መጥተው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀመጡ። ለአርባ አምስት ደቂቃ ጠየቁ፣ እሳቸውም መለሱ፤ ያኔ የጻፉትንና ከዚያ ወዲህ የተገኘውን ጭምር። ማንም አልራራላቸውም፤ እሳቸውም እንዲራሩላቸው አልፈለጉም። ዲኑ ከፈተናው ሲወጣ የእውቀታቸውን ጥልቀት እያደነቀ ነበር። በወሩ፣ ሰኔ ላይ፣ ሃምቡርግ ሄደው ማዕረጋቸውን በአደባባይ ተቀበሉ። ለራሳቸው ክብር ሳይሆን ያኔ ለተበደሉት ሁሉ ሲሉ እንዳደረጉት ተናገሩ። በ2017፣ በ104 ዓመታቸው አረፉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ያቺ የሃምቡርግ ንጋት 77 ዓመት ወሰደባት። ንጋቱን ጠብቃ የቆየችው ደግሞ ዴክቪትዝ የፈረመባት ወረቀት ናት። ጽሑፉ ጠፋ፣ ወረቀቷ ኖረች።

እንግዲህ ስለ ራሳችን። አይሁድ ሲባል ሩቅ አታድርጉት። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዘመናትን ከኛ ጋር ኖረዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጭኖ ሲሄድ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እጆች አብረው ሄዱ። አብረውን ሳሉ ምን እንላቸው ነበር? «ቡዳ» እንላቸው ነበር። ማረሻ የሳለልንን፣ የጋገርንበትን ምጣድ የሠራችልንን ዓይኗን ፈራን፣ ልጃችንንም ከለከልናት። ይህ ስድብ የጎንደር ብቻ አይደለም፤ በኛም በሸዋ ባለ እጅ ሲሰደብበት የኖረ ነው። ጎረቤታችን አንኮበር የኖሩት አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ አሁንም አለ። በየገበያው ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ሰምታችኋል።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የራሳችን ቀን መጣ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ። ሰው ሌሊት ሕፃን አዝሎ ደብረ ብርሃን ገባ። ማን ጀመረ፣ ማን ጨረሰ የሚለውን ዛሬ አላነሣም፤ እሱ የራሱ ሽማግሌ፣ የራሱ ዳኛ ይሻል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቤት ሲቃጠል ሣጥኑ አብሮ ይቃጠላል፤ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ የነርሷ ዲፕሎማ፣ የመምህሩ የሥራ ልምድ፣ የገበሬው የይዞታ ደብተር፣ የልጁ የትምህርት ማስረጃ አለ። ሰውየው ተርፎ ሄዶ «ነርስ ነኝ» ሲል «ማስረጃ?» ይባላል። ማስረጃው አመድ ሆኗል። ከዚያ የቀን ሠራተኛ ይሆናል፣ ወይም ይለምናል። አንድ ሐኪም ለስንትና ስንት ሺህ ሰው በሆነባት አገር፣ ያለንን ባለሙያ ማስረጃ አጣ ብለን በር ላይ ማቆም ምን ይባላል? «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። እናንተ አብራችሁት የተማራችሁ፣ እናንተ አለቃው የነበራችሁ፣ እናንተ ልጃችሁን ያስተማረላችሁ፣ ያዋለደቻችሁ፣ የወጋቻችሁ፣ ስሙንና ሥራውን ታውቃላችሁ። ጎረቤቱም የወሰኑን ድንጋይ ያውቃል፤ ክርስቲያንም ሁን ሙስሊም፣ አማራም ሁን አርጎባ፣ ኦሮሞም ሁን አፋር፣ ያየኸውን ታውቃለህ። «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ አይቶ የቆመው ግን ቶሎ ይረሳል፣ ያውም አውቆ። እንዳትረሱ ጻፉት። ቀኑን ጻፉ፣ ሥራውን ጻፉ፣ የት እንዳያችሁት ጻፉ፣ ስማችሁን አስፍሩና ፈርሙ። መጻፍ የማትችሉ ለልጅ ልጃችሁ ንገሩና ይጻፍላችሁ፣ አሻራችሁን አኑሩ። አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ስጡት፣ አንዱን ቀበሌ አስገቡ፣ አንዱን ቤታችሁ አስቀምጡ። የጽሕፈት ቤት ሰዎችም የሰው ምስክር ይዞ የመጣን ሰው «ዋናውን አምጣ» ብላችሁ አትመልሱት፤ ዋናው መቃጠሉን እናንተም ታውቃላችሁ።

ዛሬ ባይፈይድ አትዘኑ። ደብረ ሲና ለገበያ የምትወጡ፣ ስትመለሱ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታችሁ ግቡ።